እመት አህዪትና የተቦረቦረው ምሰሶ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ቤት ሠርተው በጉርብትና በሚኖሩበት ዘመን፣ በአንድ ቀይ አፈር ጉብታ ላይ እመት አህዪት የምትባል መበለት ትኖር ነበር። ባሏ ባለፈው በጋ ሞቶባታል። ትቶላት የሄደው ሀብት ሁለት ነው፤ አንዱ በሆዷ ያለው ውርንጭላ፣ ሌላው ደግሞ ከቆላ በጀርባው ተሸክሞ አምጥቶ በቤቱ መሐል ያቆመው የግራር ምሰሶ። ውርንጭላው ገና አልተወለደም። ምሰሶው ግን ከመጣ ከሄደው ሁሉ ጋር ተዋውቋል።

«ይህን የምታዩትን ምሰሶ ያቆመው ሟቹ ነው» ትላለች እንግዳ በገባ ቁጥር። «ብቻውን! ማንም ሳያግዘው!»

እንግዳውም ምሰሶውን ሽቅብ ያይና «ነፍሱን ይማር፤ ጠንካራ ነበር» ይላል። ስለ ሟቹ ይሁን ስለ ምሰሶው ግን አይለይም።

እንዲህ የተወደሰ ነገር ሲታመም ለሌላ መንገር ይከብዳል። ምሰሶው ሲታመም እመት አህዪትም ለማንም አልነገረችም።

መጀመሪያ የመጣው አቧራ ነው። ጠዋት ስትነሳ ጀርባዋ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ታገኛለች፤ ታራግፈውና ትረሳዋለች። ቀጥሎ ድምፅ መጣ። ቤቱ ጸጥ ሲል አንድ ጎረቤት ከሩቅ ቆሎ የሚቆረጥም ይመስላል። «አይጥ ነው» አለች ለራሷ። አይጥ ቢሆን እህሏን በነካ ነበር፤ እህሏ ግን እንዳስቀመጠችው ነው። ይህን አስባ ነበር፤ ነገር ግን አሳቡ ደስ ስላላላት አልገፋችበትም። በመጨረሻ ከምሰሶው ሥር ተነሥቶ ወደ ጣራው የሚወጣ ቀጭን የጭቃ መስመር አየች። ጭቃ ከእበት ጋር አቡክታ ለቀለቀችበት። መስመሩ ጠፋ። ከጥቂት ቀን በኋላ በሌላ ጎን ብቅ አለ። እሱንም ለቀለቀችው።

በእሷ አይፈረድም፤ የጉብታው ወግ ነው። በዚያ ጉብታ ላይ «ቤቷ ተባይ ገባበት» ማለት «ባለቤቲቱ ሰነፍ ናት» ማለት ነበር። ስለዚህ በጉብታው ላይ ተባይ ያለበት ቤት አልነበረም። ቢያንስ «አለብኝ» ያለ አልነበረም። በዓል በደረሰ ቁጥር ሁሉም ቤቱን ከውስጥም ከውጭም በጭቃ ይለቀልቃል፤ የተለቀለቀ ቤት ደግሞ ጤነኛ ይመስላል።

የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ጎረቤቷ እመት ጦጢት ልትጠይቃት መጣች። እመት ጦጢት ደግ ናት። ብቻ ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ነው ሌላ ቤት የሚደርሰው።

«እንዴት አደርሽ፣ እመት አህዪት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሆድሽስ እንዴት ነው?»

«ይመስገን፤ ይራገጣል።»

«በአባቱ ወጥቶ ነዋ! ቤቱስ? ሁሉ ደህና?»

«ቤቱማ… ይመስገን።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከጣራው አንድ እፍኝ አቧራ ወርዶ እመት ጦጢት ራስ ላይ ተደፋ። እመት ጦጢት አይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጣራው ነው» አለች እመት አህዪት። ሌላ ነገር ቶሎ አልመጣላትም። «ጉንፋን ይዞታል።»

«ጣራ ጉንፋን ይይዘዋል?»

«የእኔን ይዞታል።»

እመት ጦጢት ራሷን አራገፈችና ምሰሶውን ዳሰስ አደረገችው። «ይማርሽ በይው እንግዲህ… ይማርህ ማለቴ ነው። ለማንኛውም ምጥሽ የመጣ ዕለት የጉብታው ሴት ሁሉ እዚህ ነው የሚሰበሰበው። ማርያም ማርያም እያልን፣ ገንፎውን እያገነፋን። እኔ መቼም ወገቤን ያመኛል፤ ይችን ምሰሶ ተደግፌ ነው የምቀመጠው። ከአሁኑ ቦታዬን ይዣለሁ።»

ጎረቤቷን ከሸኘች በኋላ እመት አህዪት ተመልሳ ምሰሶውን በኮቴዋ አንኳኳችው። እንደ ከበሮ ጮኸ። ግንባሯን አስጠግታ ገፋ ብታደርገው ጣራው በሙሉ አብሮ ተወዛወዘ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራችው። የጉብታው ሴት ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጦጢት ተደግፋ፣ ውርንጭላው ገና እግሩን ሳያጸና ከሥሩ ተኝቶ ታያት። ክረምቱም ደርሷል፤ የረጠበ የሣር ጣራ ደግሞ ከደረቁ ይከብዳል።

ረዳት ያስፈልጋል። ግን ማንን? ለጎረቤቷ ለበጊት ብትነግር ፍየሊት ትሰማለች፤ ለፍየሊት ብትነግር ጦጢት ትሰማለች፤ ጦጢት ከሰማች ነገሩ አበቃ። እንግዲያውስ፣ አለች በልቧ፣ ገመናዬን ለሚያውቀኝ ከምገልጥ ለማያውቀኝ ብነግር ይሻላል። እንዲህ ያለ አሳብ ብዙ ጊዜ ወደ ወንዝ ያወርዳል፤ እሷም ወረደች።

ከወንዙ ማዶ አያ ጅቦ ተኝቶ ነበር።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይባላል፤ የእሷ ባል ደግሞ ሞቷል። ቢሆንም ውሃው በመካከላቸው ስላለ ደፈረች።

«እንደምን ዋልክ፣ አያ ጅቦ?»

አያ ጅቦ አንድ አይኑን ገለጠ። ከዚያ ሁለተኛውን ገለጠ። ከዚያ ቁጭ አለ።

«እመት አህዪት! እንኳን ደህና መጣሽ! ወፍረሻል!»

«ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው።»

«ሁለት ናችኋ!» አለ አያ ጅቦ፤ ምራቁንም ዋጠ። «ምን ልታዘዝ?»

«ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር አለ።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«አንድ ነገር ነው። ይበላል።»

«ምን ይበላል?»

«ያገኘውን ሁሉ።»

«ያገኘውን ሁሉ!» አለ አያ ጅቦ በአክብሮት። «አጥንትም?»

«አጥንት ሲበላ እንኳ አላየሁም።»

«እንግዲያው ገና ልጅ ነው። ያድጋል። አይዞሽ፣ እኔ አባርርልሻለሁ። ነገ ሲመሽ እመጣለሁ። አንቺ ብቻ በሩን ከውስጥ ዝጊልኝ፤ ቁርበትም አንጥፊልኝ። ደግሞ አደራ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።»

ከዚህ ሁሉ እመት አህዪትን ደስ ያላት የመጨረሻው ነው። ጎረቤት እንዳይሰማ የሚጠነቀቅላት እንዲህ ያለ ጨዋ ይገኛል ብላ አላሰበችም። አመስግናው ተመለሰች። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚለውን አባባል ታውቀዋለች፤ ግን የጅብን ስም ለማጥፋት የተባለ ነገር ይመስላት ነበር።

ከጉብታው ግርጌ ስትደርስ አያ ቀበሮ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ በቅጠል እየቀዳ ሲያፈስ አገኘችው። የትናንቱ ዝናብ ቤቱን ሞልቶበታል።

«ከወዴት ነው፣ እመት አህዪት?»

«ከወንዝ። ውሃ ልጠጣ ወርጄ።»

«ከአያ ጅቦ ጋር ነው ውሃ የጠጣሽው?»

እመት አህዪት ጆሮዎቿን ጣለች። አያ ቀበሮ ብልጥ መሆኑን አገር ያውቃል፤ ብልጥ ደግሞ ከመጠየቁ በፊት አይቶ ነው የሚጠይቀው።

«ተባይ እንዲያባርርልኝ ጠርቼው ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ተባዩ ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ጅብ የሚያባርረው ተባይ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

አያ ቀበሮ ቅጠሉን አስቀመጠ።

«ስሙን አልጠየቅሁሽም። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ። ምን አየሽ?»

«ትንሽ አቧራ።»

«ትንሽ ማለት የጦጢትን ራስ የሚሸፍን ነው?»

«አንተ እዚያ ነበርክ?»

«ጦጢት እዚህ ነበረች። ጣራሽን ጉንፋን እንደያዘው ከጉብታው ጫፍ እስከ ግርጌ የማያውቅ የለም። በጊት እንዲያውም ጤና አዳም ልትልክለት ነው።»

እመት አህዪት መሬት ብትከፈትላት ደስ ባላት። ግን መሬት አልተከፈተም፤ አያ ቀበሮም መጠየቁን አልተወም።

«አቧራው ጥቁር ጥቁር ፍሬ አለበት? የአይጥ ዓይነት?»

«የለበትም። ዱቄት ነው።»

«እህልሽስ?»

«አልተነካም።»

«የተነካው ምንድን ነው?»

የተነካውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አያ ቀበሮ ግን አልቸኮለም፤ ጅራቱን እግሩ ላይ ጠምጥሞ ጠበቀ።

«የመኝታዬ ቁርበት» አለች በመጨረሻ። «ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ሳነሳው ሥሩ የለም። እና… ምሰሶው።»

«ምሰሶው ምን ሆነ?»

«ይጮኻል። ስነካው ይጮኻል። ሽቅብ የሚወጣ የጭቃ መስመር ነበረው፤ እንደ ሐረግ።»

«መስመሩን ሰብረሽ ውስጡን አየሽ?»

«ኧረ! ወዲያው ነው የለቀለቅሁት።»

«በምን?»

«በጭቃ ነዋ።»

አያ ቀበሮ ቢስቅ ይስቅ ነበር፤ ግን ሆዷን አየና አልሳቀም።

«እመት አህዪት፣ ተባዩም መንገዱን የሚሠራው በጭቃ ነው። ከብርሃን ተሸፍኖ ለመሄድ። አንቺ ደግሞ እየመጣሽ ታግዥዋለሽ።»

አብረው ወደ ቤት ወጡ። በሩ ክፍት ሆኖ ብርሃን ሲገባ እመት አህዪት በገዛ ኮቴዋ የጭቃውን መስመር ሰበረችው። ከውስጡ ዓይን የሌላቸው ነጫጭ ትንንሽ ነገሮች በብርሃኑ ደንግጠው ተተራመሱ። ምስጥ ነው።

ስሙን ስታውቅ የመጣባት ነገር ራሷንም ገረማት፤ ማልቀስ ነበር።

«ሟቹ በጀርባው ያመጣው ምሰሶ!» አለች። «ጀርባው ቆስሎ ነበር እኮ! ይህንን አስበላሁት።»

«ያስበላሽው አንቺ አይደለሽም። የበላው ምስጥ ነው» አለ አያ ቀበሮ። «አሁን ምን እንደሆነ አውቀናል፤ ስለዚህ ማንን እንደምንጠራ እናውቃለን። አዋልዲጌሳን።»

እመት አህዪት እንባዋን አቆመች። አዋልዲጌሳ ረጅም አፍንጫ ያለው፣ ጥፍሩ እንደ ዶማ የሆነ፣ ምስጥ እየቆፈረ የሚበላ፣ ከሰው ርቆ የሚኖር ቆፋሪ ነው። በጉብታው ላይ ስሙን የሚያነሳው የለም።

«ያንን መቃብር ቆፋሪ? እኔ በዚህ ሆዴ?»

«መቃብር ሲቆፍር አይተሽዋል?»

«ሲባል ሰምቻለሁ።»

«እኔም ጣራሽን ጉንፋን ያዘው ሲባል ሰምቻለሁ።»

እመት አህዪት ወደ ተሰበረው የጭቃ መስመር ዞር ብላ አየች።

«እሺ፣ ጥራው» አለች። «ግን አያ ጅቦስ? ነገ ሲመሽ እመጣለሁ ብሏል። እንዳይመጣ ልላክበት?»

«የተጠራ ጅብ አትምጣ ስላሉት አይቀርም። ይምጣ። ለእኔ እንደነገርሽኝ ለእሱም እንነግረዋለን፤ ያየነውን ብቻ። አንዲት ቃል ውሸት አያስፈልግም።»

«አንተ ግን ለምንድን ነው ይህን ሁሉ የምትደክምልኝ?»

«የራሴ ምክንያት አለኝ» አለ አያ ቀበሮ፤ ወረደም።

በማግስቱ ፀሐይ እንደጠለቀች አያ ጅቦ መጣ። ጢሙን ታጥቧል። ገብቶ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ከሁሉ አስቀድሞ አያ ቀበሮን ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ አልነበረም?»

«እኔ ጎረቤት አይደለሁም፤ ከግርጌ ነኝ» አለ አያ ቀበሮ። «ተባዩ ምን እንደሚመስል ልነግርህ ነው የቆየሁት።»

«መስማት አያስፈልገኝም። እራቴን ልጀምር። ሥራዬን ማለቴ ነው።» አያ ጅቦ የተነጠፈለት የእመት አህዪት የመኝታ ቁርበት ላይ ተንሰራፍቶ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ነገር፣ ዓይን የለውም» አለ አያ ቀበሮ።

«እኔ ሁለት አለኝ። አሸንፈዋለሁ።»

«የሚመጣው ከታች ነው። ከተቀመጡበት ሥር።»

አያ ጅቦ ወገቡን ትንሽ አነሳ አደረገ።

«ውጩን አይነካም። ላዩ እንዳለ ነው የሚቀረው። የሚበላው ውስጡን ነው፤ ባዶ እስኪሆን።»

«ባዶ?»

«ባዶ። የተበላው ቆሞ ይታያል። ጤነኛ ይመስላል። ሲነካ ብቻ ነው የሚጮኸው። እመት አህዪት፣ እስቲ አሰሚው።»

እመት አህዪት እስከዚህ ድረስ ከምሰሶው ጀርባ ነበር የቆመችው። በጅቡና በሆዷ መካከል ያለው ምሰሶው ብቻ ነው። ኮቴዋን አነሳችና አንኳኳችው።

ዱም አለ ምሰሶው።

አያ ጅቦ ከጠዋት ጀምሮ ለዚህ እራት ሲል አልበላም ነበር። ሆዱ የምሰሶውን ድምፅ ሰምቶ እንደ ወንድም መለሰ፤ ጉርርር አለ።

«አሁን የጮኸው ምንድን ነው?» አለ አያ ጅቦ ቀስ ብሎ።

«የትኛው?»

«ሁለተኛው።»

አያ ጅቦ መዳፉን አነሳና የገዛ ሆዱን መታ አደረገው። ዱም። ዓይኖቹ ፈጠጡ።

«ትናንት አንድ የሞተ በሬ ጨርሻለሁ» አለ። «ዛሬ ግን ባዶ ነኝ! ከትናንት ወዲያም በልቼ ነበር፤ ትናንት ጠዋት ባዶ ነበርኩ። ሁልጊዜ እንዲሁ ነኝ! ላዬን እዩት፤ ጤነኛ አልመስልም?»

«ትመስላለህ» አለ አያ ቀበሮ። «ግን እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

አያ ጅቦ ከመቀመጫው ዘሎ ሲነሳ ቁርበቱ አብሮት ተነሳና በአየር ላይ ብትንትን ብሎ እንደ ዱቄት ወረደ። ከዚህ በኋላ ምስክር አላስፈለገውም።

«ከእናቴ ቤት ጀምሮ ሲበላኝ ኖሯል!» እያለ በሩን ጥሶ ወጣ። ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ወንዙንም ሲሻገር ጩኸቱ ይሰማ ነበር። እስከ ዛሬ ጅብ ሲጮህ የሚሰማው ሆዱን ማን እንደቦረቦረው ሲጠይቅ ነው የሚሉ አሉ። በጉብታው በኩል ግን ተመልሶ አልታየም።

ጥቂት ቆይቶ አያ ቀበሮ የጠራው አዋልዲጌሳ ከደጃፉ ቆመ። አልገባም። «ቤቶች» ብሎ እስኪመለስለት ጠበቀ። እመት አህዪት ወጣችና አየችው፤ መጀመሪያ የታያት ጥፍሩ አልነበረም። ጆሮው ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ልክ እንደ እሷ ጆሮ። ይህን ማንም አልነገራትም ነበር።

አያ ቀበሮ ነገሩን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አዋልዲጌሳ «ከእሷ ልስማ» አለና ጆሮዎቹን ወደ እሷ አዘነበለ።

እመት አህዪትም ነገረችው። አቧራውን፣ ቆሎ የሚቆረጥም የመሰለውን ድምፅ፣ ቁርበቱን፣ መስመሩን፣ የለቀለቀችውን ጭቃ ሁሉ። አንዱንም አላሳነሰችም፤ አንዱንም አላገነነችም። ስትጨርስ ከጀርባዋ ጭነት የወረደላት መሰላት፤ ጭነት መውረድ ምን እንደሚመስል ደግሞ አህያ ታውቃለች።

አዋልዲጌሳ ጆሮውን መሬት ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ከምሰሶው እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ውጭ ድረስ እያዳመጠ ሄደ።

«ቤትሽ ያሉት መንገደኞች ናቸው» አለ ሲመለስ። «የሚመጡት ከአጥርሽ ጀርባ ካለው ኩይሳ ነው። እናታቸው እዚያ ናት። ከእሷ ነው የምጀምረው።»

«ኧረ እባክህ…» አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ ላይ። ሁሉም ዞሩ። እመት ጦጢት ናት። አንገቷን አሾልካ ከመቼ ጀምሮ እንደምትሰማ እሷ ብቻ ታውቃለች። ይስቁብኛል ብላ እመት አህዪት ፊቷን አዞረች። እመት ጦጢት ግን አልሳቀችም።

«እንደው ከመጣህ አይቀር፣ የእኔንም ጎተራ ብታይልኝ» አለች። «እግሮቹ… እነሱም ጉንፋን ይዟቸዋል።»

«አንቺንም?» አለች እመት አህዪት።

«ሦስተኛ ዓመቴ ነው እኮ! በየበዓሉ ስለቀልቅ!»

ከዚያ በጊት መጣች፤ የበሯ መቃን ነው። ፍየሊት መጣች፤ አልጋዋ ነው፤ እግሩ ተበልቶ በድንጋይ ነው የቆመው። ተባይ ያለበት ቤት ባልነበረበት በዚያ ጉብታ ላይ አንድም ያልተበላ ቤት እንዳልነበረ ያን ምሽት ታወቀ። ሴቶቹ መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ እመት ጦጢት ሳቀችና ሁሉም ሳቁ። አዋልዲጌሳ በየተራ ሁሉንም አዳመጠ። ከዚያ ቆፈረ።

ጠዋት ኩይሳው ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ጎረቤቶቹም ተባብረው የጽድ ምሰሶ ጎትተው መጡ። አሮጌው ምሰሶ ሲወርድ እመት ጦጢት በአንድ እጇ አነሳችው፤ ይህን ያህል ቀሎ ነበር። ከላይ እስከ ታች ከስስ ልጣጭ በቀር ምንም የለውም።

«ይሄ እንዴት እስከ ዛሬ ቆመ?» አለች በጊት።

«ያመጣው አህያ ስለሆነ ነዋ» አለች እመት ጦጢት። «ግትር ነው።»

እመት አህዪት ልጣጩን ተቀበለቻት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚል ካለ» አለች «እኔ ቤት ይምጣና ይህን ይይ። ባዶ ሆኖ ጣራዬን ተሸከመልኝ። ባዶ ሆኖ ጅቡን አባረረልኝ።» ልጣጩንም አልጣለችውም፤ ከበሩ በላይ ሰካችው።

ምጡ የመጣው ዝናብ በሚጥልበት ቀን ነው። የጉብታው ሴት ሁሉ ገባ። እመት ጦጢት እንዳለችው አዲሱን ምሰሶ ተደግፋ ተቀመጠች፤ ሆን ብላም ወዘወዘችው፤ ምሰሶው አልተነቃነቀም። «ማርያም ማርያም» ተባለ፤ ጣራው አላስነጠሰም፤ ውርንጭላው ተወለደ። ገንፎው ሲቀርብ እመት አህዪት «መጀመሪያ ለእሱ» ብላ ወደ ደጃፉ አመለከተች። አዋልዲጌሳ ገንፎ አይበላም፤ ግን በሕይወቱ ማንም ገንፎ አቅርቦለት ስለማያውቅ ሳህኑን ይዞ ብዙ ጊዜ ቆየ።

አያ ቀበሮም መጣ፤ ከአጥሩ ጀርባ ስለሆነ ሩቅ አልነበረም። አዋልዲጌሳ ኩይሳውን ሲቆፍር የተወው ጉድጓድ ሰፊና ደረቅ ነው፤ ዝናብም አይሞላውም። አያ ቀበሮ እቃውን ይዞ የገባበት ኩይሳው በፈረሰ በማግስቱ ነው።

«የራሴ ምክንያት ያልከው ይሄ ነው?» አለችው እመት አህዪት።

«ይሄ ነው» አለ ምንም ሳያፍር።

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አለችው፤ ከልቧ። ጥቅሙን ያገኘ ረዳትም ረዳት ነው፤ ጎረቤት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

«ለመሆኑ ስሙን ማን አላችሁት?» ብሎ አዋልዲጌሳ ከደጃፉ ጠየቀ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እመት አህዪት ዞሩ። እሷም ገና በእርጥብ እግሩ ለመቆም የሚታገለውን ውርንጭላ አየች፤ ከዚያ ከበሩ በላይ የተሰካውን ልጣጭ አየች፤ ከዚያ በደጃፉ የተዘነበሉትን የእሷን የመሰሉ ጆሮዎች አየች።

«ይነገር» አለች። «ስሙ ይነገር ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቤት የሚፈርሰው በምስጡ ብቻ ሳይሆን ምስጡን በሚሸፍነው ጭቃም ጭምር ነውና፣ ረዳት ከመጥራታችን በፊት የደረሰብንን ሳናፍር አይተን እንዳለ መናገር፣ የረዳንንም ስሙ በአገር እንዴትም ቢነሳ ማመስገን እንደሚገባን ነው።